የተሰደደ ማዕድ፦ ስለ ድሮዎቹ የታይዋን ጂያውዚ ቤቶች

በታይዋን ከተሞች አሮጌ ሰፈሮች፣ የሕንጻዎቹ ላይኛ ፎቆች ወደ መንገዱ ወጣ ብለው ለእግረኛው መጠለያ በሚሆኑባቸው መተላለፊያዎች ሥር፣ ምድጃቸውን በራፍ ላይ ተክለው እንፋሎታቸውን ወደ መንገድ የሚለቁ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የነዋሪውን ምሳና እራት ሲያቀርቡ ኖረዋል። ዋናው ምግባቸው ጂያውዚ ነው፤ ይኸውም ያለ እርሾ ከስንዴ ዱቄትና ከውሃ ተለውሶ በስሱ በተዳመጠ ክብ ሊጥ መካከል የተከተፈ ሥጋና አትክልት ተደርጎ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፎና ጠርዙ በጣት ተጭኖ ከተዘጋ በኋላ በፈላ ውሃ የሚቀቀል ወይም በብረት መጥበሻ የሚጠበስ ምግብ ነው። ሳምቡሳን ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጂያውዚ ግን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለማይጠበስ ሊጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ የሥጋው ጭማቂም እስኪነከስ ድረስ በውስጡ ታግዶ ይቆያል።

ስለ እነዚህ ቤቶች በታይዋን የሚነገረው ትዝታ ድርብ ነው። ቤቶቹን የከፈቱት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከሰሜን ቻይና የተሰደዱ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው፣ ሊጡን ሲያሹ የሚያስቡት ተመልሰው ሊያዩት ያልቻሉትን የትውልድ መንደራቸውን ነበር። በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ያደጉት ልጆች ግን ያን መንደር አይተውት ስለማያውቁ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከአቼቶው ሽታ ጋር በልባቸው የቀረችው ታይዋን ራሷ ናት። ዛሬ አንድ አሮጌ ጂያውዚ ቤት ሲዘጋ ቅር የሚለው የስልሳ ዓመት ጎልማሳ የሚያዝነው ለወላጆቹ ክፍለ አገር፣ ለሻንዶንግ ወይም ለሄቤይ አይደለም፤ ለታይፔይ፣ ለታይቹንግ ወይም ለካውሹንግ ነው። የአንዱ ትውልድ ናፍቆት የሚቀጥለው ትውልድ አገር የሆነበት ይህ ሂደት በአዋጅም በመጻሕፍትም ያልተፈጸመ፣ በድስትና በሳህን የተከናወነ በመሆኑ፣ ከታሪክ ጸሐፊዎች ያገኘው ትኩረት ከሚገባው ያነሰ ነው።

ጂያውዚ ለደሴቲቱ ነባር ምግብ አልነበረም። ታይዋን ሞቃትና ዝናባማ የሩዝ አገር ናት፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከፉጂያንና ከጓንግዶንግ ጠረፍ ተሻግረው የሰፈሩት ገበሬዎች በሩዝና በስኳር ድንች ይኖሩ ነበር፣ ከ1895 እስከ 1945 ደሴቲቱን የገዛችው ጃፓንም የሩዝ እርሻውን ለራሷ ገበያ እንዲመች አድርጋ አስፋፍታዋለች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ጂያውዚ በአንጻሩ የስንዴ ምድር ምግብ ነው፤ የስንዴ ምድር የሚባለውም ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን የተዘረጋው ቀዝቃዛና ደረቅ አገር ነው። በዚያ አገር በጨረቃ ዘመን አቆጣጠር የአዲስ ዓመት ዋዜማ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ ጂያውዚ ይጠቀልላል፤ ቅርጹ በጥንት ዘመን መገበያያ የነበረውን የብር ጥፍጥፍ ስለሚመስል የመጪው ዓመት ሀብት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፣ አንዳንዱ ቤትም በአንዷ ፍሬ ውስጥ ሳንቲም ደብቆ ለደረሰችው ሰው መልካም ዕድል ይመኛል። የምግቡ ጥንታዊነት በግምት ላይ የቆመ አይደለም፤ በሰሜን ምዕራብ ቻይና በቱርፋን አጠገብ ከሚገኙት የአስታና መቃብሮች የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጂያውዚዎች በበረሃው አየር ደርቀው፣ ቅርጻቸውን ሳይለቁ ተገኝተዋል።

ይህ የሰሜን ምግብ ወደ ደቡቡ ደሴት የተሻገረው በጦርነት ነው። በ1949 በማኦ ዜዱንግ የሚመራው የኮሚኒስቶች ጦር ዋናውን የቻይና ምድር ሲቆጣጠር፣ የቺያንግ ካይሼክ የኩዎሚንታንግ መንግሥት ከነሠራዊቱ፣ ከነሠራተኞቹና ከነቤተሰቦቻቸው ወደ ታይዋን አፈገፈገ፤ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደነበረባት ደሴትም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ገቡባት። መንግሥቱ ዋናውን ምድር በቅርቡ መልሶ እንደሚይዝ ዘወትር ይናገር ስለነበር፣ መጤዎቹ ራሳቸውን እንደ ሰፋሪ ሳይሆን እንደ እንግዳ ይቆጥሩ ነበር፤ ቋሚ ቤት መሥራትም ሆነ መሬት መግዛት ለብዙዎቹ ተስፋን እንደ መቁረጥ ነበር። ነገር ግን ከግንቦት 1949 እስከ ሐምሌ 1987 በጸናው ወታደራዊ ሕግ ዘመን፣ በጠባቡ ቦታ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያለው የታይዋን ሰርጥ ተራ ሰው የማይሻገረው፣ ደብዳቤ እንኳ በቀጥታ የማያልፍበት ድንበር ሆኖ ቀረ። ሚስቶቻቸውን፣ እናቶቻቸውንና ልጆቻቸውን በሌላኛው ዳርቻ ትተው የመጡ ሰዎች የሞቱትን ከሚኖሩት ሳይለዩ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኖሩ።

ከሁሉ የከበደው የተራው ወታደር ዕጣ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ደንብ በአገልግሎት ላይ ያለ ተራ ወታደር እንዳያገባ ስለሚገድብ፣ በሃያ ዓመቱ የመጣው ወጣት ሠራዊቱን ሲለቅ ቤተሰብም ሙያም አልነበረውም። በ1954 የተሰናበቱ ወታደሮችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተመሠረተ፤ ብዙ ሺህ የሚሆኑትም በ1956 የደሴቲቱን ማዕከላዊ ተራሮች አቋርጦ ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘውን አውራ ጎዳና እንዲሠሩ ተሰማሩ፤ በ1960 እስኪጠናቀቅ ድረስም ከ200 በላይ ሰዎች በናዳና በፍንዳታ ሕይወታቸውን አጡበት። በዚሁ ጎዳና በተከፈተው ደጋ ላይ ጡረተኞቹ የፍራፍሬና የአትክልት እርሻዎች መሠረቱ። ከእነዚህ ከፍታዎች ወደ ከተማ የሚወርደው ጣፋጭ ጥቅል ጎመን የታይዋን ጂያውዚ መለያ ሆኗል፤ በሰሜን ቻይና በእርሱ ፋንታ ይገባ የነበረው ቅጠሉ ረዘም ያለውና ውሃ የሚበዛበት የቻይና ጎመን ነበርና። የሰሜኑን ጣዕም ፍለጋ የተጀመረው ምግብ በመጀመሪያው እርምጃው በደሴቲቱ አፈር ተለወጠ ማለት ነው።

ሌሎቹ ጥቂት ቁጠባቸውን ይዘው፣ ወይም ያለ ምንም ቁጠባ፣ ወደ ከተማ ወርደው ምድጃ ተከሉ። ይህን እንዲያደርጉ ያስቻላቸው ዱቄት ነበር፤ የዱቄቱም ምንጭ ሌላ የታሪክ ቅርንጫፍ ነው። ከ1951 እስከ 1965 አሜሪካ ለታይዋን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት የኢኮኖሚ እርዳታ ሰጥታለች፤ ከእርዳታው ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ከአሜሪካ ጎተራዎች የተረፈው ስንዴ ሲሆን፣ በተለይም በ1954 የወጣው ትርፍ የእርሻ ምርትን ወደ ወዳጅ አገሮች ለመላክ የሚፈቅደው ሕግ መንገዱን አሰፋው። የታይዋን መንግሥት በበኩሉ የደሴቲቱን ሩዝ ወደ ውጭ ልኮ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ስለሚፈልግ፣ ሩዝንም ከገበሬው በማዳበሪያ ልዋጭ እስከ 1973 ድረስ ይሰበስብ ስለነበር፣ ሕዝቡ ስንዴ እንዲለምድ ይቀሰቅስ ጀመር። የሁለት የተጨባበጡ እጆች ምልክት የታተመባቸው የዱቄት ጆንያዎች ባዶ ከሆኑ በኋላም ሥራ አልፈቱም፤ ችግረኛ እናቶች ለልጆቻቸው የውስጥ ሱሪ ይሰፉባቸው ነበር፣ ያ ምልክት ያለበት ሱሪም የዚያ ትውልድ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ እስከ ዛሬ የሚያነሡት ነገር ነው። እንግዲህ የሻንዶንግ ገበሬ ልጅ በታይፔይ ያሸው ሊጥ ከካንሳስ ወይም ከዳኮታ ሜዳ የተጫነ ሊሆን ይችል ነበር፤ የትውልድ አገሩ ጣዕም ሳይበጠስ የቆየው በሦስተኛ አገር ስንዴ ነው።

የወታደሮቹ ቤተሰቦች የሰፈሩባቸው መንደሮች ጁዋንጹን ይባላሉ፤ መንግሥት ለጦሩ ባለሥልጣናትና ለባለትዳር ወታደሮች የሠራቸው፣ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ዝቅተኛ ቤቶች ያሉባቸው አጥር ያላቸው ሰፈሮች ነበሩ። በደሴቲቱ ከ800 በላይ እንዲህ ያሉ መንደሮች እንደነበሩ ይቆጠራል። ከእነዚህ አንዱና እጅግ የታወቀው በታይፔይ የሚገኘው የአርባ አራት ደቡብ መንደር ነው፤ በ1948 ከሻንዶንጓ ቺንግዳው ወደብ ከነመሣሪያቸው ለመጡት የአርባ አራተኛው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ቤቶቹ ታይፔይ 101 በሚባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ሥር ተጠብቀው ይገኛሉ። ግድግዳዎቹ ስስ፣ መንገዶቹ ጠባብ ስለነበሩ የአንዱ ቤት ምድጃ ለሁሉም ይሸት ነበር። ሲቹዋናዊቱ በርበሬና ባቄላ የምታብላላበት ማሰሮ፣ ሁናናዊቱ የምታጨሰው ሥጋ፣ ሻንዶንጋዊቱ የምትጠቀልለው ጂያውዚ በአንድ አጥር ውስጥ ተገናኙ፤ በዋናው ምድር ቢሆን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው የሚኖሩ ሴቶች አንዷ ከሌላዋ ሙያ ተማሩ። የኋለኛዎቹ ጂያውዚ ቤቶች ከሰሜኑ ምግብ ጎን የሲቹዋን ቅመም ያለበት የበሬ ሥጋ ኑድል የሚያቀርቡት ከዚህ ጉርብትና የተነሣ ነው።

ቤቶቹ ራሳቸው ሲታሰቡ የሚመጡት ዝርዝሮች በሚገርም ሁኔታ ከከተማ ከተማ ይመሳሰላሉ። ክፍሉ ጠባብና ረጅም፣ ብርሃኑ የነጭ ቱቦ አምፖል፣ ወለሉ በየዕለቱ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ ንጣፍ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ የሚታጠፉ የብረት እግር ያላቸው፣ መቀመጫዎቹ ጀርባ የሌላቸው ክብ በርጩማዎች ናቸው። በከፍታ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ዜና ያሰማል፤ የምግቡ ዝርዝርና ዋጋ በቀይ ወረቀት ወይም በእንጨት ሰሌዳ ላይ በእጅ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይታያል፣ ዋጋው ሲጨምርም አሮጌው ቁጥር ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፍበታል። ምግብ የሚታዘዘው በሳህን ሳይሆን በፍሬ ቁጥር ነው፤ አሥር ለአንድ ሰው የተለመደው ልክ ሲሆን፣ ጉልበት ሠራተኛ ወይም ተማሪ አሥራ አምስትና ሃያ ያዛል። ተመጋቢው በጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠችው ብጣሽ ወረቀት ላይ የሚፈልገውን በእርሳስ ምልክት ያደርግና ለምድጃው ሰው ይሰጣል። ቦታ በሚጠብበት ሰዓት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ፤ ነጋዴው ከሾፌሩ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ከጡረተኛው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው በዝምታ ይበላሉ፣ ይህም እንደ ድፍረት ተቆጥሮ አያውቅም።

ጂያውዚው እስኪበስል ድረስ ያለው ጊዜም ሥራ ነበረው። በአንድ ጥግ የመስተዋት ማቀዝቀዣ ይቆማል፤ በውስጡ በትናንሽ ሳህኖች የተዘጋጁ ቀዝቃዛ ምግቦች፣ ማለትም በነጭ ሽንኩርት የታሸ ኪያር፣ የተቀቀለ ለውዝ፣ የባሕር ሣር፣ በቅመም ተቀቅሎ የተከተፈ የአሳማ ጆሮ፣ ከአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራው ቶፉ በየዓይነቱ ተደርድረዋል፤ ተመጋቢው ራሱ ከፍቶ ያነሣል፣ ሒሳቡም በመጨረሻ ባዶ ሳህኖቹ ተቆጥረው ይታወቃል። ከዚያ የማጥቀሻው ዝግጅት ይከተላል። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የአኩሪ አተር ስጎ፣ አቼቶ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ በዘይት የተነጠረ በርበሬና የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ስለሚገኝ፣ እያንዳንዱ ሰው በትንሿ ሳህን የራሱን ልክ ይቀምማል። አቼቶ የሚያበዛው፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሳይከትፍ ከጂያውዚው ጋር በጥሬው የሚነክሰው ሻንዶንጋዊ ሽማግሌ፣ በርበሬው ቀይ እስኪሆን የሚጨምረው ሁናናዊ፣ ጣፋጭነት ያለበትን የአኩሪ አተር ስጎ የሚመርጠው የደቡብ ታይዋን ልጅ በማጥቀሻቸው ይለዩ ነበር። አባቶች ለልጆቻቸው የመጀመሪያውን ማጥቀሻ ቀምመው ስለሚሰጡ፣ የአባትየው ልክ በልጁ ምላስ ላይ ሳይጻፍ ይተላለፋል፤ ከሁሉም የቤተሰብ ውርሶች ይህ ትንሹ ቢመስልም ብዙ ዘመን የሚቆየው ምናልባት ይኸኛው ነው።

ከጂያውዚው ጋር በታይዋን የማይለየው ሾርባ ኮምጣጣና የሚያቃጥል ሾርባ ነው። በውስጡ በቀጭኑ የተቆረጠ ቶፉ፣ የረጋ ደም፣ ጥቁር እንጉዳይ፣ የቀርከሃ ቡቃያና ካሮት ይገባበታል፤ በስታርች ወፈር ተደርጎ የተመታ እንቁላል በክር በክር ይፈስበታል፣ ኮምጣጣነቱን ከጥቁር አቼቶ፣ ማቃጠሉንም ከነጭ ቁንዶ በርበሬ ያገኛል። ሾርባ ለማዘዝ አቅም ላነሰው ወይም ሆዱ ለሞላበት ደግሞ ጂያውዚው የተቀቀለበት ደብዛዛ ውሃ ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ ሰሜናውያን ምግብ የበሰለበት ውሃ ያንኑ ምግብ ለመፍጨት ይረዳል ብለው ስለሚያምኑ፣ በዚህ ውሃ ገበታን መዝጋት የድህነት ምልክት አልነበረም።

በእነዚህ ቤቶች ትዝታ ውስጥ ትልቁን ስፍራ መያዝ የሚገባው ግን ሙያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ይዘለላልና። የምሳ ሰዓት አልፎ የእራት ሰዓት እስኪደርስ ባለው ጊዜ የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጠቀልላሉ። ለሚቀቀለው ጂያውዚ ሊጡ በቀዝቃዛ ውሃ ይለወሳል፣ ታሽቶም እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ያርፋል፤ ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ መልሶ ይሸማቀቃል። ከዚያ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ በእኩል ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም በአንድ እጅ እየዞረ በሌላው እጅ በአጭር መዳመጫ ይዳመጣል፤ የሠለጠነ እጅ መካከሉን ወፈር፣ ጠርዙን ሳሳ አድርጎ ያወጣዋል፣ ምክንያቱም ሲታጠፍ ሁለት የሚሆነው ጠርዙ ሲሆን የሥጋውን ክብደት የሚሸከመው መካከሉ ነው። ጥቅል ጎመኑ ተከትፎ በጨው ይታሻል፣ ውሃውም ይጨመቃል፤ ሥጋው በአንጻሩ ዝንጅብልና ሽንኩርት የነካው ውሃ ወይም መረቅ ቀስ በቀስ እየተጨመረበት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይማሰላል፣ ይህን ጊዜ ሥጋው ውሃውን ይዞ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ከአትክልቱ ውሃ ማውጣትና ወደ ሥጋው ውሃ ማስገባት የሚጋጩ ይመስላሉ፤ የጂያውዚው ጣዕም ሁሉ ግን የሚያርፈው በእነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል ባለው ልክ ላይ ነው። በቤት ውስጥ ጠርዙ በቀስታ እየተሸበሸበ ሲዘጋ፣ በምግብ ቤት የሻንዶንግ ሰዎች በሁለት እጆች አውራና ሌባ ጣቶች መካከል አንድ ጊዜ ጭምቅ አድርገው ይጨርሱታል፤ እንዲህ የተዘጋው ጂያውዚ ሆዱ ሙሉ፣ አቀማመጡ ቀጥ ያለ ይሆናል። ሲቀቀልም ውሃው በፈላ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርበታል፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ እንዲህ ሲደረግ ሊጡ በፍላቱ ኃይል ሳይቀደድ ውስጡ ይበስላል።

ጉዎቲየ የሚባለው የተጠበሰው ዓይነት በታይዋን የራሱን መልክ ይዟል፤ ቀጥ ያለ፣ ረዘም ያለና ጫፎቹ ክፍት ናቸው። በሰፊ የብረት መጥበሻ ላይ ተሰልፎ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ ይፈስበትና ይከደናል፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ላዩ በእንፋሎት የለሰለሰ፣ ታቹ ደግሞ ቡናማና ኩርሽም የሚል ሆኖ ይወጣል።

የአሳማ ሥጋ በአብዛኞቹ ቤቶች የማይቀር ቢሆንም በሁሉም ዘንድ አልነበረም። ከኩዎሚንታንግ ጋር ከመጡት መካከል ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ስለነበሩ፣ በ1960 በታይፔይ የተሠራው ታላቁ መስጊድ ካሰባሰባቸው ምእመናን ወገን የሆኑ ባለሙያዎች የበሬ ሥጋ ጂያውዚና ኑድል ቤቶችን ከፍተዋል፤ የቡድሃን ሥርዓት ለሚጠብቁትም ሥጋ ብቻ ሳይሆን ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት ነክ ነገር ሁሉ የሌለበት ጂያውዚ ተለይቶ ይዘጋጃል።

ይህን ትዝታ ያለ ጥላ ማቅረብ እውነቱን ማጉደል ይሆናል። በየካቲት 28 ቀን 1947 የተቀሰቀሰውን የነባሩን ሕዝብ ተቃውሞ የኩዎሚንታንግ ጦር በደም አፍኖታል፤ ከዚያም በኋላ በትምህርት ቤቶች የታይዋንን ቋንቋ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር፣ የመንግሥቱ ከፍተኛ ሥልጣንም ለረጅም ዘመን በመጤዎቹ እጅ ቆይቷል። ስለዚህ ለአንዳንድ ነባር ቤተሰቦች በማንዳሪን ቻይንኛ የሚታዘዝበት፣ የሰሜን ሰው የሚጮኽበት ጂያውዚ ቤት መጀመሪያ ላይ የገዢዎች ማዕድ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ነገር ግን ምድጃው ላይ የሚቆመው ሰው ገዢ አልነበረም። እርሱ ራሱ በመንግሥቱ ተስፋ ተታልሎ ሽበት ያበቀለ፣ ብዙ ጊዜም የነባር ድኻ ቤተሰብ ወይም የተራራ ተወላጅ ነገድ ልጅ አግብቶ ዘግይቶ የወለደ ሰው ነበር፤ ሚስቱም መዳመጥን ከእርሱ ተምራ፣ የራሷን አገር ልማድ ወደ ቤቱ አስገብታለች። ሩዝ በሊታው ጎረቤት ጂያውዚን እንደ ምሳ የተቀበለው ርካሽ፣ ትኩስና አጥጋቢ ስለነበረ ነው እንጂ የሰሜንን ናፍቆት ስለ ተጋራ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች በፖለቲካ ስብሰባ ከመቀራረባቸው በፊት በእነዚህ በርጩማዎች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ይቻላል።

ምግቡ ወደ ሁሉም ቤት እንዲገባ ካደረጉት ሰዎች መካከል በ1931 በዳሊያን የተወለደችውና በ1949 ወደ ታይዋን የመጣችው ፉ ፔይሜይ ትጠቀሳለች። በትዳሯ መጀመሪያ ምግብ ማብሰል የማትችል ሙሽራ የነበረች ሲሆን፣ የባሏን ቅሬታ ሰምታ ከየክፍለ አገሩ ባለሙያዎች በክፍያ ተምራ፣ ከ1962 ጀምሮ በአዲሱ የታይዋን ቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ገደማ አስተምራለች፤ በ1969 ያሳተመችው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የምግብ መጽሐፏም ወደ ውጭ የሚሄዱ የታይዋን ተማሪዎች ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሆኖ ነበር። ፊልምም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ1954 በፒንግቱንግ ከመጤ ቤተሰብ የተወለደው አንግ ሊ በ1994 ባወጣው ስለ አንድ ታይፔያዊ አዛውንት ወጥ ቤትና ሦስት ሴት ልጆቹ በሚተርከው ፊልሙ፣ አባትየው በየእሑዱ ታላቅ ማዕድ ሲያዘጋጅ ልጆቹ ግን ልባቸው ሌላ ቦታ እንደሆነ ያሳያል፤ የመጀመሪያው ትውልድ በምግብ የሚናገረውን ሁለተኛው ትውልድ ወዲያው የማይሰማበትን ያን ዘመን ከፊልሙ የተሻለ የገለጸው የለም ማለት ማጋነን አይሆንም።

ወታደራዊው ሕግ በ1987 ከተነሣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዋናው ምድር መሄድ ተፈቀደ። ሽማግሌዎቹ ወርቅ ቀለበትና የቤት ዕቃ ተሸክመው ሄዱ፤ ብዙዎቹ የደረሱት የወላጆቻቸው መቃብር ላይ ነው። በታይዋን አርባ ዓመት ያህል ‹‹የውጭ ክፍለ አገር ሰው›› ሲባሉ የኖሩት ሰዎች በትውልድ መንደራቸው ደግሞ የታይዋን ሰው ተብለው ተጠሩ፣ በጉዞ ሰነዳቸውም ላይ ይኸው ተጻፈ። ከዘመዶቻቸው ጋር ለጥቂት ወራት ቆይተው አብዛኞቹ ተመለሱ። ይህ መመለስ በጂያውዚ ቤቶቹ ታሪክ ውስጥ ትልቁ መታጠፊያ ተደርጎ መታየት አለበት፤ ምድጃውን ሲተክሉ ጊዜያዊ ነው ብለው የነበሩ ሰዎች መርጠው ወደዚያው ምድጃ የመጡበት ጊዜ ነውና።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ለትናንሾቹ ቤቶች አልተመቸም። በሻንሺ በ1927 ተወልዶ በ1948 ወደ ታይዋን የመጣው ያንግ ቢንግዪ የመሠረተው ዲን ታይ ፉንግ የዚህ ታሪክ ደማቁ ገጽ ነው፤ በ1958 የምግብ ዘይት መደብር ሆኖ የተከፈተው ቤት የዘይት ንግዱ ሲቀዘቅዝ በ1972 ሺያውሎንግባው፣ ማለትም በውስጡ የረጋ መረቅ ተደርጎ በእንፋሎት ሲበስል ሾርባ የሚሆን የደቡብ ቻይና ዓይነት ጥቅል፣ መሸጥ ጀመረ። በ1993 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከዓለም ምርጥ አሥር ምግብ ቤቶች አንዱ አድርጎ ካነሣው በኋላ በ1996 በቶኪዮ፣ በ2000 በካሊፎርኒያ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ የእያንዳንዱ ጥቅል አሥራ ስምንት ሽብሽቦችም የታይዋን መታወቂያ ሆኑ። በሌላኛው ጫፍ በ1998 በታምሱይ የተጀመረው ባፋንግ ዩንጂ የጉዎቲየን ዋጋ ዝቅ አድርጎ በየመንገዱ ተስፋፋ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ውድም ሰንሰለታማም ያልሆነው ቤት ጠበበው፤ ኪራዩ ጨመረ፣ ልጆቹ ሌላ ሙያ ያዙ፣ በማቀዝቀዣ የሚሸጠው የፋብሪካ ጂያውዚም የቤት እመቤቷን ከመንገዱ ማዶ አስቀራት። በ1996 የወጣው የአሮጌ ጁዋንጹኖች መልሶ ግንባታ ሕግ መንደሮቹን አፍርሶ ነዋሪዎቹን ወደ ረጃጅም ሕንጻዎች ሲያዛውር፣ ጂያውዚ ቤቶቹ በአጥሩ ውስጥ የነበራቸው ደንበኛ ሁሉ ተበተነ። የተጠበቁት ጥቂት መንደሮች ሙዚየም ሆነዋል፤ በእነርሱ ውስጥ ምጣዱና መዳመጫው በመስተዋት ውስጥ ይታያሉ፣ ይሁን እንጂ ሊጥ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍና ሥጋው ውሃ ጠጥቶ መጥገቡ በምን እንደሚታወቅ የሚያስተምር ሰው አልተቀጠረም። ቤቱን ጠብቆ እጁን መተው ትልቅ ጉድለት ነው፤ ይህ ሙያ ከሽማግሌዎቹ ጋር እየሄደ ነውና።

ሆኖም ከሰዓት በኋላ በሚጠቀለልባቸው ጠረጴዛዎች ዙሪያ ዛሬም ሰው አለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጋብቻ ወደ ታይዋን የገቡት ከ5 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች፣ በብዛት ከዋናው ቻይናና ከቬትናም የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ከቻይና የመጡት አንዳንዶቹ በዕድሜ የገፉትን ጡረተኛ ወታደሮች አግብተው አስታመዋል፣ ከእነዚህም ምድጃውን የተረከቡ አሉ። ከሰሜን ምሥራቅ ክፍለ አገሮች የመጡት በክረምት በጋን ውስጥ የሚኮመጥጠውን የቻይና ጎመን ከአሳማ ሥጋ ጋር እየከተፉ፣ ቀድሞ በደሴቲቱ ብዙም ያልተለመደውን የኮምጣጣ ጎመን ጂያውዚ በአሮጌው የግድግዳ ዝርዝር ላይ ጨምረዋል፤ የሰፈሩ ተማሪዎችም ከጥቅል ጎመኑ አምስት፣ ከኮምጣጣው አምስት እያሉ ያዛሉ።